የተቀመጥኩበት ገጽ፤ ከድሬዳዋ እስከ ዳንግላ

ዳንግላ ደርሼ ተመልሻለሁ። ሁለቱ ጉልበቶቼ ላይ ካለው ቁስል በቀር ደህና ነኝ። ስለ ቁስሉ በከዚራ ሻይ ቤቶች ሦስት ዓይነት ወሬ እንደሚወራ ሰምቻለሁ፤ አንዱ ባጃጅ ገጨው ይላል፣ አንዱ ከበቅሎ ወደቀ፣ አንዱ ደግሞ በዚህ ዕድሜው ሚስት ሊጠይቅ ሄዶ ተባረረ። ሦስተኛው ትንሽ ይቀርባል፤ ግን እሱም አይደለም። እንግዲህ እኔው ከመጀመሪያው ልናገር።

ለማያውቀኝ፣ ስሜ ኢብራሂም ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ግን ኢብሮ ካላላችሁ ቤቴን የሚያሳያችሁ የለም። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ በከተማችን የቴአትር ቡድን ውስጥ አስታዋሽ ነበርኩ። አስታዋሽ ማለት ከመጋረጃው ጀርባ ጽሑፉን ይዞ ተቀምጦ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው በሹክሹክታ የሚያቀብል ሰው ነው። ጉራ አይሁንብኝና በዚህ ሥራ የሚደርስብኝ አልነበረም። ተዋናዩ ገና ዓይኑን ሲያርገበግብ ቃሉ ጆሮው ውስጥ ነው። በስድስት ዓመት ሥራ አንድ ቀን ብቻ ተሳሳትኩ፤ ያቺም ቀን ጥሩወርቅ ላይ ዋለች።

የድሬዳዋ ሰው ዕቃ ሲረሳ ምን ይላል? «ጥሩወርቅ ሆንኩ» ይላል። ከአባቶቻችሁ ሰምታችሁ ትሉታላችሁ እንጂ ጥሩወርቅ ማን እንደነበረች አብዛኞቻችሁ አታውቁም። በእኛ መድረክ ላይ የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይ ናት። አንድ እሁድ ከሰዓት የመጨረሻውን ንግግር እያደረገች መሃል ላይ ቆመች፤ ዝም አለች፤ ከመድረክ ወረደች፤ በማግስቱ በባቡር ከከተማው ወጣች። ረሳች ተባለ። ያንን ያልኩት እኔ ነኝ።

እውነቱ ይህ ነው። ከሰዓት ነው፣ ጫቴን ይዣለሁ፣ መርቅኛለሁ። የጣሪያው ማራገቢያ ወረቀቱን እንዳይበትንብኝ ያነበብኩትን ገጽ ከሥሬ እያስገባሁ እቀመጥበት ነበር። ሳላውቀው የመጨረሻውንም ገጽ አብሬ ተቀመጥኩበት። በቃሌ የማውቀው ንግግር ያን ሰዓት ከወረቀቱ ጋር ጠፋ። እሷ ቆማ ወደ እኔ ስታይ እኔ መሬት ለመሬት ወረቀት እፈልጋለሁ። የቡድኑ ኃላፊ መጋረጃውን ዘግቶ ሲያፋጥጠኝ «እኔ ቃሉን ሰጥቻታለሁ፤ እሷ ናት ያልተቀበለችኝ» አልኩት። ሃምሳ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስል ኖርኩ።

የልጄ ልጅ ሂባ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ትማራለች። አንድ ቀን ዣንጥላዋን ሱቅ ረስታ ስትመለስ «ዛሬ ደግሞ ጥሩወርቅ ሆንኩ» ትላለች። ባለሱቁ ሰዒድ ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቃታል፤ ትነግረዋለች። «ድሬዳዋ ቴአትር የሠራች ጥሩወርቅ እኮ ዳንግላ አለች፤ ከእኔ ነው ሻሽ የምትገዛ» አላት። ሂባ ይህን በስልክ እየሳቀች ስትነግረኝ እኔ አልሳቅሁም። በሳምንቱ የድሮ ሻንጣዬን ከፍቼ ያቺን ገጽ አወጣሁና በፕላስቲክ ጠቀለልኳት።

ሰኞ

ልጄ ካፖርት ልታለብሰኝ ስትታገል በነጠላ ሸሚዝና በሰንደል ጫማ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ድሬዳዋ ላይ ካፖርት ለብሶ የሚወጣ ሰው ሐኪም ቤት ነው የሚወሰደው። ለመንገድ ጣፋጫችንን ሙሸበክ ቋጥራልኛለች፤ አዋሽን ሳንሻገር ጨረስኩት። ስለ አዲስ አበባ አልጽፍም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መናኸሪያ አጠገብ አድሬ ነጋ።

ማክሰኞ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቄ ተሳፈርኩ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ እንደኛው አገር ሆነልኝና ደስ አለኝ፤ ስንወጣ ደስታዬ እዚያው ቀረ። ደብረ ማርቆስ ላይ ለምሳ ወርደን ስንመለስ አጠገቤ ያለው ገበሬ «ወዴት ነዎት?» አለኝ። እንጅባራ አልኩት፤ «አንተስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ቆሰበር» አለኝ። ከኋላ ያለችውም ሴት ቆሰበር አለች፤ ረዳቱም ቆሰበር አለ። አውቶቡስ ተሳስቻለሁ ብዬ ሻንጣዬን አንስቼ በር ላይ ደረስኩ፤ አቁሙልኝ አልኩ። ገበሬው ተነስቶ ክንዴን ያዘኝና «አባቴ፣ ቆሰበር ማለት እኮ እንጅባራ ማለት ነው፤ የድሮ ስሟ ነው፤ ይቀመጡ» አለኝ። አውቶቡሱ ሙሉ እስከ ቡሬ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ግን ለእኔ ያልቆረሰ ሰው አልነበረም፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ አንዷማ የተቀቀለ ድንች ከነልጣጩ።

እዚያ ወንበር ላይ ነው ጥሩወርቅን ከመጀመሪያ ጀምሬ ያሰብኳት። ድሬዳዋ የመጣችው የባቡር ጣቢያ ዘበኛ አግብታ ነው። ባሏ ሲሞት ብቻዋን ቀረች፤ ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር። በዚያን ጊዜ በእኛ መድረክ ሴት ሆኖ የሚጫወተው አንድ ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ ጢሙን ለመላጨት በየትርኢቱ የሚለመን። አንድ ቀን አልላጭም ብሎ ሲቀር ኃላፊው የመድረክ ልብስ አጥባ ያመጣችውን ጥሩወርቅን አቆማት። ሕዝቡ ወንድ መስሎት «ሻሹን አውልቀው!» እያለ ጮኸ። እሷም ቀስ ብላ ሻሿን ፈታች፤ ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወረደ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ጣሪያው በጭብጨባ ሊነሳ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጸጉር አስተካካዩ ጢሙን አሳደገ።

ማንበብ አትችልም ነበር። ንግግሯን የማስጠናት እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት በከዚራ ዛፎች ሥር እንሄዳለን፤ ከአንዱ ዛፍ እስከ ሌላው አንድ ዓረፍተ ነገር አነብላታለሁ፤ እሷ እየተራመደች ትደግመዋለች። በመንገዱ ማለቂያ ላይ ንግግሩ ያልቃል። አንድም ቀን ሁለቴ አላነበብኩላትም። እናት ሆነች፣ ንግሥት ሆነች፣ የቤት ሠራተኛ ሆነች፤ በሰባት ቴአትር አንድ ቃል አላጎደለችም። ይህችን ሴት ነው ረሳች ያልኩት።

እንጅባራ ስንደርስ ሂባ ዣንጥላ ይዛ ቆማለች። ዝናብ የለም፤ ብርዱ ግን አለ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰማችና «አባባ፣ ካፖርትህስ?» አለችኝ። የድሬዳዋ ሰው ብርድ አያውቅም አልኳት። በባጃጅ ሰዒድ ግቢ፣ እሷ የምትከራይበት ቤት፣ እስክንደርስ እግሬን አላውቀውም ነበር። ሰዒድ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ የራሱን ጋቢ አውልቆ አለበሰኝ፤ ሚስቱ ጨው በተጨመረበት ሙቅ ውኃ እግሬን አስገባች። ለእራት ድንች በሚጥሚጣ ቀረበ። ድንቹ ከኛ ድንች ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋራው፤ ዱቄት ነው፣ አፍ ውስጥ ይበተናል።

ረቡዕ

ጠዋት ለሰዒድ የመጣሁበትን ነገርኩት። ነገ በሚኒባስ ዳንግላ እወርዳለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እመለሳለሁ አልኩት። ሰዒድ አርባ ዓመት ጨርቅ የለካ ሰው ነው፤ እኔንም ከላይ እስከ ታች ለካኝ።

«ብቻዎን?» አለኝ።

«ብቻዬን።»

«ጋሽ ኢብራሂም፣ እንዲህማ አይሆንም። ይሄ ቤት ለቤት የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሰው ስም ነው ያጠፉት። ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ ድንጋይም ያስፈልጋል።»

ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኮ ይቅርታ መለመንን በወሬ አውቀዋለሁ። እኔ ጋ ይደርሳል ብዬ ግን አላሰብኩም። ድሬዳዋ ቢሆን አንድ የጫት በርጫ ላይ ተቀምጠን፣ ተሰዳድበን፣ ተሳስቀን ያልቅልን ነበር። ሰዒድ ግን ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ወጣ፤ ቀትር ላይ ሁለት ሰው ይዞ ተመለሰ። አንዱ ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ቄስ ናቸው፤ ሌላው አያ ፈንታ የሚባሉ በዕርቅ የታወቁ ገበሬ። ከሰዒድ ጋር ሦስት ሆኑ። አያ ፈንታ የቀርከሃ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ እጄን ዘርግቼ «ሰላም ነህ? እንዴት ዋልክ?» አልኳቸው። ቤቱ ቀዘቀዘ። ሂባ ጆሮዬ ሥር «አባባ፣ እርስዎ በል!» ትለኛለች። እኛ አገር ከንቲባውንም አንተ ነው የምንለው። ሰዒድ «ድሬዳዋ እንዲህ ነው፤ ሲወዱ ነው» ብሎ አስታረቀኝ፤ ዕርቁ ከእኔው ጀመረ ማለት ነው። አያ ፈንታ በአዊኛ ለቄሱ አንድ ነገር ብለው ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ወደ ዳንግላ መልእክት ተላከ፤ «ነገ ከባለሱቁ ሰዒድ ጋር ሽማግሌ ይመጣልሻል» ተባለች። ለምን እንደሚመጣ አልተነገራትም፤ ደንቡ እንዲህ ነው አሉኝ።

ሐሙስ

ሚኒባሱ ውስጥ አምስት ሆነን ተጫንን። ቄሱ ምን እንደምል ሲያስጠኑኝ እኔ ማስጠናት የለመድኩ ሰው ነኝና ተበሳጨሁ። ዳንግላ ወርደን በባጃጅ እስከ ከተማው ዳር ሄድን፤ ከዚያ በእግር ነው። ከጥሩወርቅ ቤት በታች ወንዝ አለ፤ አያ ፈንታ እዚያ ወርደው ድንጋይ መረጡ። እኔ አንድ ለእጅ የሚመች አነሳሁ። ቀና ብለው አዩኝና «ይሄ የስንት ዓመት በደል ነው?» አሉኝ። ሃምሳ ሁለት አልኳቸው። የኔን ወንዙ ውስጥ ወረወሩና ሌላ ትልቅ አመጡ። ምጣኔው ላይ ተከራከርኩ፤ ዕድሜዬን ጠራሁ፣ ወገቤን ጠራሁ። በመጨረሻ ቄሱ የመሃከለኛውን አነሱና አንገቴ ላይ አስቀመጡት።

በሩ ላይ ስንደርስ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ፈገግ ብሏል። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ፤ ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻም ነው። ድንጋዩን ሲያዩ ፈገግታው ጠፋ። አጎንብሼ ግቢው ውስጥ ጠጠር ላይ ተንበረከክሁ። የማየው መሬትና የአንዲት ሴት ጫማ ብቻ ነው። ቄሱ ስለ እመቤታችን አሉ፣ ሰዒድ ስለ አላህ አለ።

«እንዲያው ሽማግሌ ይመጣል ሲሉኝ ጸጉሬን ተሠርቼ ነበር» አለ አንድ ድምፅ። «ማነው ደግሞ ይሄ?»

ድምፁ አልተለወጠም። ቀና አልኩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ መድረክ ላይ እንደምትቆመው አገጯን ትንሽ አንስታ።

«ኢብሮ ነኝ» አልኳት። «ጥሩዬ፣ አንቺን በድዬሻለሁ።»

አያ ፈንታ «አንቺ» የሚለውን ሲሰሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሷ እጇን አነሳች። «ተዉት፣ አያ ፈንታ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንቺ ያለኝ ሰው የለም። ይበል።»

ነገርኳት። ገጹ ላይ መቀመጤን ስናገር ሳቀች፤ አጠገቧ በቀርከሃ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጋቢ የለበሰ በጣም ያረጀ ሰውም አብሮ ሳቀ። ረሳች ማለቴን ስናገር፣ ሰዉ እስከ ዛሬ ዕቃ ሲረሳ ስሟን እንደሚጠራ ስናገር ግን ሳቁ ተቋረጠ። ፊቷን ለማየት አልደፈርኩም። ማፈሬን እዚህ ላይ እጽፋለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እኔ ረሳሁ?» አለች። «እንግዲህ ስማ።»

መራመድ ጀመረች። ከአጥሩ እስከ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ በሩ። «ተነስ» አለች፤ «የበደልከኝን ከፊትህ አልቆጥርም። ደጄን ክፍት አድርጌ አሥር ክረምት ጠብቄሃለሁ። ዝናቡም ገባ፣ ብርዱም ገባ፤ አንተ ግን አልመጣህም…» የቴአትሩ የመጨረሻ ንግግር ነው። እኔ በከዚራ ዛፎች ሥር ያነበብኩላት፣ ቃል በቃል። «አሁን ይቅር ብዬሃለሁ» ስትል ሽማግሌዎቹ ተባረኪ ብለው ተነሱ፤ አያ ፈንታ ድንጋዩን ሊያወርዱልኝ እጃቸውን ዘረጉ። «ቆዩ፣ ገና ነው» አለቻቸው፤ «ይሄ የጽሑፉ ነው።» አያ ፈንታ ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ። እኔም ድንጋዬን እንደተሸከምኩ ቀረሁ።

«ሂድ» አለች፤ «የሚጠብቅህ ካለ ሂድ። እኔን ግን…»

ቆመች። ያኔ የቆመችበት ቦታ ነው። ወደ እኔ አየች። ዛሬ ቃሉን ለማግኘት ወረቀት አላስፈለገኝም። አንገቴ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጉልበቴ እየደማ፣ በዚያ በድሮ ሹክሹክታዬ «የሚጠብቀኝ ሰው የለም» አልኳት።

«ሰምቼሃለሁ» አለች። «እሱን ግን አልልም። ያን ቀንም ብትሰጠኝ አልለውም ነበር።»

ጋቢ ወደለበሰው አዛውንት ዞረች። «ወንድሜ ቢተው ነው» አለችኝ። «ዘጠኝ ዓመት ለቤተሰቤ ወሬ ሳልልክ ቀርቼ እሱ ሊፈልገኝ መጣ። ቤቴ ሄዶ ሲያጣኝ ጎረቤት ወደ አዳራሹ መራው። ንግግሬን እያደረግሁ ዓይኔን ሳነሳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጋቢውን ለብሶ ዱላውን ይዞ ተቀምጧል። ከዚህ አገር እዚያ ድረስ የመጣ ወንድሜ ፊት የሚጠብቀኝ ሰው የለም ልበል? ወደ አንተ ያየሁት ቃል ፈልጌ አይደለም፤ መውጫው በአንተ በኩል ስለነበረ ነው።»

አያ ቢተው አገጩን ዱላው ላይ አስደግፎ «እኔማ ቴአትር መሆኑን መች አወቅሁ» አለ። «ስታለቅስ ሳያት ሰው የበደላት መስሎኝ ዱላዬን ይዤ ልወጣ ነበር። ደግነቱ ወረደች። እናታችን ደጅ ደጁን እያየች ነው አልኳት፤ በማግስቱ ተነሳን።»

እናቷ ሁለት ዓመት አብራት ኖረች። ጥሩወርቅ ከዚያ በኋላ መድረክ አልፈለገችም፤ የወንድሟን ልጆች አሳደገች፤ መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ማንበብ ተማረች።

እኔ ለሃምሳ ሁለት ዓመት «ሰጥቻታለሁ፤ አልተቀበለችኝም» ብዬ ዋሽቻለሁ። በዚያ ግቢ ሰጠኋት፤ አልተቀበለችኝም። ውሸቴ እዚያው ጠጠሩ ላይ እውነት ሆነ፤ እንባዬ ግን አልቆመም።

ቄሱ ካሳ ምን ትፈልጊያለሽ ብለው ጠየቋት። «ድሬዳዋ ተመልሶ አልረሳችም ብሎ ለሰው ይናገር» አለች። ያዩን ሰዎች ሞተዋል አልኳት። «ልጆቻቸው አሉ» አለች። እሺ አልኩ። ያን ጊዜ ድንጋዩን በገዛ እጇ አነሳችልኝ፤ ከብዷት ትንሽ ተንገዳገደች፤ ሰዒድ ደገፋት።

ምሳ የበላነው ዶሮ ነው። ጠዋት ሙስሊም ጎረቤቷ ዘንድ ልካ አሳርዳ፣ በጎረቤቷ ድስት አሠርታ ለሰዒድ ለብቻ አስቀምጣለች፤ ለእኔና ለሂባም በቃን። «ድሬዳዋ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ይሄን ካልተማርኩማ» አለች። ጉልበቴን በሙቅ ውኃ አጥባ በነጭ ጨርቅ አሰረችልኝ።

አርብ

ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ተመለሱ፤ እኔና ሂባ እዚያው አደርን። ጠዋት ስንነሳ ገጹን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት በጆሮዋ ብቻ ያወቀችውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አነበበች። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷን አነሳች። ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝ።

«አንተው ያዘው» አለችኝ። «የምትቀመጥበት እንዳታጣ።»

አያ ቢተው አውቶቡስ እስክንሳፈር አብሮን መጣ፤ ለመንገድ ድንች በቅርጫት አሸክሞኛል። ድሬዳዋ አምጥቼ ለጎረቤት አከፋፈልኩ፤ የበላ ሁሉ ምስክሬ ነው።

እንግዲህ ካሳዬን ልክፈል። ጥሩወርቅ አልረሳችም። አንድም ቃል፣ አንድም ቀን። ወረቀቱ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ስሟን በዚያ ነገር የሚያነሳ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ።

ትናንት ሂባ ከእንጅባራ ደወለች። ዣንጥላዋን እንደገና ሚኒባስ ውስጥ ረስታለች።

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?» አልኳት።

«ጥሩ…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«ኢብሮ ሆንኩ፣ አባባ» አለችኝ።